አሲድና አልካሊ በአቋራጭ አይገቡም፦ ለአንድ የጥናት ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ተብሎ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ርዕሱ አሲድና አልካሊ ነው። ተማሪዎቼም ይዘውት መጡ። አንዳንዶቹ ደብተራቸው ላይ ሳይቀር ገልብጠውታል። በአማርኛ መጻፉ በጣም ደስ ይላል። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ሰምቶት ያልገባው ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ በሚገባው ቋንቋ ሲያነብ ትልቅ ነገር ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ጽሑፉ ብዙ ልጆች ጋ ደርሷል፤ ስህተቶቹም አብረው ደርሰዋል። ከስህተቶቹ ውስጥ ደግሞ ፈተና ላይ ነጥብ ከማስጣል አልፈው ሰው የሚጎዱ አሉ።

ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጽሑፉ አሲድ የሚያቃጥል ክፉ ነገር ነው፣ አልካሊ ማርከሻው ነው ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ ሁልጊዜ ተጠፋፍተው ጉዳት የሌለው ጨውና ውሃ ይሆናሉ፣ ስለዚህ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድና በረኪና ቢቀላቀሉም ችግር የለውም ይላል። ቆዳ ላይ አሲድ ከፈሰሰ ሶዳ (ሊጥ ውስጥ የሚገባውን የምግብ ሶዳ) መነስነስ ነው ይላል፤ ለንብ ንድፊያም ያንኑ ያዛል። ቀመሩ በኤች (የሃይድሮጂን ምልክት) ከጀመረ አሲድ፣ በኦኤች (ኦክስጅንና ሃይድሮጂን) ካለቀ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ የሚል አቋራጭ ይሰጣል። ጠንካራ አሲድ ማለት ያልተበረዘ አሲድ ነው፣ በአሲዳማነት መለኪያው በፒኤች ደግሞ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይጨምራል) ፒኤች 3 ከፒኤች 6 በእጥፍ አሲዳማ ነው ይላል። የድሬዳዋ ውሃ ማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው አሲዳማ ስለሆነ ነው ይላል። መጨረሻ ላይም ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ምዕራፍ ከማሸምደድ ሌላ አማራጭ የለውም ብሎ ይዘጋል።

ሁሉንም እመልሳለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን ቀይሬዋለሁ፤ ሰው ከሚጎዳው ልጀምር።

በረኪናው ይቅደም። የጸሐፊው ስሌት እንዲህ ነው፦ ማጽጃው አሲድ ነው፣ በረኪና አልካሊ ነው፣ አሲድና አልካሊ ይጠፋፋሉ፣ ስለዚህ ቢቀላቀሉ አይጎዱም። ላይ ላዩን ሲያዩት ትምህርቱን በትክክል የተጠቀመ ይመስላል። ውጤቱ ግን መርዝ ነው። በረኪና አልካሊ ብቻ አይደለም። ውስጡ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ክሎሪን ያለበት ውህድ አለ። ልብስ የሚያነጣውም ጀርም የሚገድለውም እሱ ነው። ፈሳሹ አልካሊ ሆኖ እንዲቆይ የሚደረገው ክሎሪኑ ጋዝ ሆኖ እንዳያመልጥ ነው። አሲድ ሲጨመርበት ያ አልካሊነት ይጠፋል፤ ክሎሪን ጋዝም ይለቀቃል። ጸሐፊው ከአደጋ ያድናል ያለው መጠፋፋት ራሱ አደጋውን ያመጣዋል ማለት ነው።

ክሎሪን አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ጋዝ ነው። ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወለል ወለሉን ይዞ ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነው። አሁን መስኮቱ ጠባብ የሆነ የግቢ ሽንት ቤት አስቡ። አጎንብሳ የምትፈትግ ሰው አፍንጫዋ ከወለሉ ብዙም አይርቅም። ዓይኗ ያነባል፣ ጉሮሮዋን ያንቃታል፣ ሳሉ አልቆም ይላታል። ጋዙ ከበዛ ሳንባ ውስጥ ውሃ እስከማስቋጠር ይደርሳል። አቼቶና ሎሚም በረኪና ላይ ሲጨመሩ ይህንኑ ያደርጋሉ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪና ከውሃ በስተቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም፤ በቃ። የደረሰበት ሰው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ መተንፈስ ካስቸገረው ወደ ሐኪም ይሂድ። «አንዴ ልጨርሰው» ብሎ አፍንጫን ሸፍኖ መመለስ አይገባም። ጸሐፊውን የምለምነው ሌላው ቢቆይ እንኳ ይቺን መስመር ዛሬውኑ እንዲያወጣት ነው።

አሲድ ክፉ፣ አልካሊ ደግ የሚለው ሐሳብ ጽሑፉ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተበትኗል። አቦ፣ ይህን ድሬዳዋ ተቀምጦ መጻፍ ይከብዳል። ከተማችን የሲሚንቶ ከተማ ናት። እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ አልካሊ ነው፤ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው። ውሃ ሲነካው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ያለ ጓንት ሲለስን የዋለን ሰው እጅ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የጣቶቹ ጫፍ ሳስቷል። ቆዳው በጥፍሮቹ ዙሪያ ተልጧል፣ በመገጣጠሚያው ላይ ተሰነጣጥቋል። ጫማው ውስጥ ሲሚንቶ የገባበት ሠራተኛ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቁስል ይዞ ይገባል። ክፋቱ፣ ሲጀምር ብዙም አያሳምም። ሰውየው ሲነቃ ቆዳው ተበልቷል።

ዓይን ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ግድግዳ በኖራ ሲቀባ ጠብታ ዓይን ውስጥ ብትገባ ቀልድ አይደለም። አሲድ የዓይንን ፕሮቲን ያረጋዋል፤ የረጋው ክፍል አሲዱ ጠልቆ እንዳይገባ በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። አልካሊ ግን ቅባቱን ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አልካሊ ስንነካ እጃችን ላይ የሚሰማን ማሟለጭም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ የቆዳችን ቅባት ሳሙና መሆን ጀምሯል ማለት ነው። ልጅ ግን ከጽሑፉ «አልካሊ ማርከሻ ነው» የሚለውን ይዞ ሄዶ ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ኃይለኛ አልካሊ) በባዶ እጁ ሊይዝ ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ አሲድ በየቀኑ እንበላለን። እንጀራችን የሚኮመጥጠው ሊጡ ሲቦካ በሚፈጠሩት አሲዶች ነው። ሎሚ ውስጥ ሲትሪክ አሲድ፣ እርጎ ውስጥ ላክቲክ አሲድ አለ። በሙቀት የምንጠጣውን ሁመር (ታማሪንድ) የሚያኮመጥጠው ታርታሪክ አሲድ ነው። ጨጓራችን ራሱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል፤ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው። አንድ ነገር አሲድ ወይም አልካሊ መሆኑ ብቻውን ይጎዳል አይጎዳም የሚለውን አይነግረንም። የትኛው ነው፣ ምን ያህል ነው፣ ምን ላይ አረፈ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሲድ የፈሰሰበት ቆዳ ላይ ሶዳ መነስነስ የሚለውም አይሆንም። መድኃኒቱ ውሃ ነው። ብዙ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይለቃሉ። አሲድ የበላው ቆዳ ላይ ሙቀት መጨመር በቃጠሎ ላይ ቃጠሎ መደረብ ነው። ደግሞስ በዚያ ድንጋጤ መሃል ልኩን ማን ይመዝናል? ሶዳ ፍለጋ ወደ ጓዳ ስንሮጥ አሲዱ ሥራውን አያቆምም። የባትሪ አሲድ የተረጨበት የጋራዥ ልጅም፣ ኮስቲክ ሶዳ የነካው ሰውም የመጀመሪያ እርዳታቸው አንድ ነው፤ የነካውን ልብስ አውልቆ ቧንቧ ሥር መቆም። ደረቅ ኖራ ወይም ደረቅ ሲሚንቶ ከሆነ ከመታጠቡ በፊት ዱቄቱን ማራገፍ ያስፈልጋል። ዓይን ከሆነ ደህና አድርጎ አጥቦ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

የንቧ ነገር ቀላል ነው። የንብ መርዝ መጠነኛ አሲዳማነት አለው፤ ያ እውነት ነው። የሚያሳምመው ግን በዋናነት ሜሊቲን የሚባል ፔፕታይድ (ትንሽ ፕሮቲን መሰል ሞለኪውል) ነው። እሱም ቆዳ ሥር ገብቷል፤ ከላይ የተቀባ ሶዳ አይደርስበትም። መንደፊያዋን ቶሎ አውጥቶ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ ይሻላል።

በዚህ ክፍል ጸሐፊው በደንብ የጻፈውም አለ። አሲድ ሲበረዝ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ ብሏል። ልክ ነው። በተለይ ሰልፈሪክ አሲድ ውሃ ሲነካው በጣም ይሞቃል፤ ትንሽ ውሃ ብዙ አሲድ ላይ ከፈሰሰ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ሊትመስ (አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለይ ወረቀት) በአሲድ ቀይ፣ በቤዝ ሰማያዊ ይሆናል ያለውም ትክክል ነው።

አሁን ወደ ፈተናው ጉዳይ እንግባ። በኤች የጀመረ አሲድ፣ በኦኤች ያለቀ ቤዝ የሚለው አቋራጭ ልጆች የሚወዱት ነው። ቶሎ ይያዛል። ግን ቶሎ ገደል ይከታል። ውሃ በኤች ይጀምራል። የአቼቶው አሴቲክ አሲድ ቀመር ብዙ ጊዜ ሲጻፍ በኦኤች ያልቃል፤ በዚህ ሕግ ከሄድን አቼቶ ቤዝ ሊሆን ነው። ኢታኖልም፣ ሳኒታይዘር ውስጥ ያለው አልኮል፣ በኦኤች ያልቃል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ግን ሊትመስ አይቀይርም። አሞኒያ ቀመሩ ውስጥ ኦኤች የሚባል ነገር የለውም፤ ቤዝ ነው። ሜቴን አራት ሃይድሮጂን ተሸክሞ አሲድ አይደለም።

ቀመር ላይ ተንተርሶ የመፍረድ ስህተት ትልልቆቹንም ጥሏቸዋል። ፈረንሳዊው ላቮይዚየር አሲድን አሲድ የሚያደርገው ኦክስጅን ነው ብሎ ያምን ነበር። እንግሊዛዊው ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1810 ገደማ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ኦክስጅን እንደሌለ አሳየ፤ ያ ሐሳብም ወደቀ። ስዊድናዊው አሬንየስ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ ጥያቄውን ቀየረው። አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ሃይድሮጂን አዮን (አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ነው) የሚለቅ አሲድ ነው፣ ሃይድሮክሳይድ አዮን የሚለቅ ቤዝ ነው አለ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ውስጥ ኦኤቹን ይለቃል፤ ኢታኖል አጥብቆ ይይዘዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቀመሩን አፍጥጠን ብናየው አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ1923 ደግሞ ብሮንስትድና ላውሪ ለየብቻቸው ሆነው ትርጉሙን አሰፉት፦ አሲድ ፕሮቶን (ያንኑ ሃይድሮጂን አዮን) ይሰጣል፣ ቤዝ ይቀበላል። አሞኒያ ከውሃ ላይ ፕሮቶን ሲወስድ ውሃው ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይቀራል። አሞኒያ ኦኤች ሳይኖረው ቤዝ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ይህን የያዘ ልጅ አዲስ ቀመር ቢመጣበትም አይደነግጥም።

ጽሑፉ አልካሊና ቤዝንም እያቀያየረ ይጽፋል። አልካሊ ማለት ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ቤዝ ነው። ኮፐር ኦክሳይድ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ሞቅ ያለ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሲጨመር ግን ጥቁሩ ይጠፋና ደስ የሚል ሰማያዊ ፈሳሽ ይቀራል። አሲዱን አጥፍቶታል፤ ስለዚህ ቤዝ ነው። አልካሊ ግን አይባልም። ለቃር የሚሰጠው ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድም ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በጣም ጥቂት ነው። እንደ ኮስቲክ ሶዳ ጉሮሮ ሳያቃጥል ጨጓራ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ተማሪ የሚወድቅበትን ቦታ ጽሑፉ ይብሱን አጨለመው። ጠንካራ ማለት ያልተበረዘ ማለት አይደለም። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው፣ ውሃው ውስጥ ስንት አሲድ ገባ? ሁለተኛው፣ ከገባው ውስጥ ስንቱ አዮን ሆነ? ሁለት ሰርግ አስቡ። አንዱ ሰርግ ላይ አንድ ሺህ ሰው ተጠርቶ የሚጨፍረው አሥራ ሦስት ብቻ ነው፤ የቀረው ተቀምጧል። ሌላው ላይ መቶ ሰው መጥቶ መቶውም ተነሥቶ ይጨፍራል። አሴቲክ አሲድ እንደ መጀመሪያው ነው። በ0.1 ሞላር (ሞላር አንድ ሊትር ውስጥ ምን ያህል አሲድ እንደገባ መለኪያ ነው) ፈሳሽ ውስጥ ከመቶ ሞለኪውል አንድ ከምናምን ብቻ ነው አዮን የሚሆነው፤ ፒኤቹ 2.9 ገደማ ይሆናል። በዚያው መጠን የገባ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ሁሉም አዮን ይሆናል፤ ፒኤቹ 1 ነው። ሁለቱም እኩል ተበርዘዋል፤ ጥንካሬያቸው ግን አንድ አይደለም።

አሁን ፈተና ላይ የምትወደደዋ ጥያቄ ትመጣለች። እኩል መጠን ያላቸውን እነዚህን ሁለት ፈሳሾች ገለልተኛ ለማድረግ የትኛው ብዙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል? አብዛኛው ልጅ ሃይድሮክሎሪክ ይላል። መልሱ እኩል ነው። የሚጨፍሩት ሃይድሮጂን አዮኖች ሲወሰዱ የተቀመጡት እየተነሡ ይተካሉ፤ ቤዙ የመጨረሻውን እስኪወስድ ድረስ። ጠንካራ ማለት ብዙ ነው ብሎ የተማረ ልጅ ይህን ጥያቄ በምንም መንገድ አያገኘውም። ደካማ አሲድ ማለት የማይጎዳ ማለትም አይደለም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በኬሚስትሪ ቋንቋ ደካማ ነው፤ ነገር ግን ቆዳን አልፎ ገብቶ ሰው ሊገድል ይችላል።

ፒኤች 3 ከፒኤች 6 በእጥፍ አሲዳማ ነው የተባለውን በአንድ መስመር ማረም ይቻላል፦ በ1000 እጥፍ ነው። ፒኤችን እ.ኤ.አ. በ1909 ኮፐንሃገን ካርልስበርግ ላቦራቶሪ ውስጥ ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ሶረንሰን መለኪያውን የሠራው በአሥር ብዜት ነው። አንድ ቁጥር በወረድን ቁጥር ሃይድሮጂን አዮኑ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ሦስት ቁጥር ስንወርድ አሥር በአሥር በአሥር ይሆናል። የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ቦታ እንዲቆይ ሳንባና ኩላሊት ሌት ተቀን የሚሠሩትም እዚያ ላይ ትንሽ የሚመስል ቁጥር ትልቅ ለውጥ ስለሆነ ነው።

ጸሐፊው አሲድና ቤዝ ተመጣጥነው ሲያልቁ ሁልጊዜ ፒኤች 7 ይሆናል ብሎም ጽፏል። ለሃይድሮክሎሪክ አሲድና ለሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሠራል። ለአሴቲክ አሲድ አይሠራም፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ተመጣጥነው ሲያልቁ ፈሳሹ 8.7 ገደማ ላይ ነው የሚቆመው። የአሴቲክ አሲድ ቲትሬሽን (ቤዝ በጠብታ እየጨመሩ አሲዱን መለካት) ላይ ፊኖልፍታሊን የሚባለው ቀለም ቀያሪ የሚመረጠው ቀለሙን የሚቀይረው እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ሩቅ ሳንሄድ የልብስ ሳሙና እንይ። ሳሙና ጨው ነው፤ ከደካማ የቅባት አሲድና ከጠንካራው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራ ጨው። ውሃ ውስጥ ስንከተው ግን ፒኤቹ 9 እና 10 ይደርሳል። በግልባጩ አሞኒየም ሰልፌት፣ ማዳበሪያው፣ ጨው ሆኖ አሲዳማ ነው። ከደካማው ወገን የመጣው አዮን ከውሃው ጋር ፕሮቶን መቀባበሉን ይቀጥላል፤ ጨው ሆነ ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። 7 ቁጥር ራሷም ገለልተኛ የምትሆነው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ንጹሕ የፈላ ውሃ ፒኤቹ 6.1 አካባቢ ሆኖ ገለልተኛ ነው፤ ሃይድሮጂን አዮኑና ሃይድሮክሳይዱ እኩል ናቸውና።

ስለ ውሃችን የተጻፈው ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። የድሬዳዋን ውሃ ያፈላ ሰው ሁሉ ያንን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ጀበናና ማፍያ ግድግዳ ላይ ይጋገራል፣ ቧንቧ ጫፍ ላይ ይጠነክራል። ሳሙናም አረፋ አልወጣ እያለ ስንት ጊዜ ያስቸግራል። ጸሐፊው ይህን አሲድ አደረገው። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ዙሪያችንን ያሉት ተራሮች ውስጥ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ድንጋዩ ውስጥ ሲሰርግ ካልሲየም ካርቦኔቱን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ አሲድነቱም እዚያው ያልቃል። እኛ ጋ ሲደርስ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የተሸከመ ውሃ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ወደ አልካሊ ያዘነብላል።

ከከተማው በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ነው። እንዲህ ያሉ ዋሻዎችን የሚቦረቡራቸው ይኸው ደካማ አሲድ ነው፤ እጅግ ረጅም ዘመን ወስዶ። ማፍያችን ውስጥ የሚሆነው የዚያ ግልባጭ ነው። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጣል፤ ተሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማስረጃ የፈለገ ተማሪ ከቅርፊቱ ፈርፈር አድርጎ ሳህን ላይ ያስቀምጥና ሎሚ ይጭመቅበት። ሽ ይላል፣ አረፋ ይነሣል፣ ቅርፊቱ እያነሰ ይሄዳል። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅርፊቱ አሲድ ቢሆን ኖሮ አሲድ ሲነካው እንዲህ አይሆንም ነበር። ብዙ እናቶች ማፍያቸውን በአቼቶ የሚያጸዱት ይሠራል ብለው ነው፤ ካርቦኔት ከአሲድ ጋር የሚለውን ርዕስ በተግባር እየሠሩት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር በጣም እለያያለሁ። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ማሸምደድ ብቻ ነው የቀረው ብሏል። ሊትመስ የሌለበት ክፍል አውቃለሁ። እርድ የሌለበት ጓዳ ግን አላውቅም። አልጫ ወጥ ነጭ ልብስ ላይ ጠብ ብሎ በሳሙና ሲታሽ ቢጫው ድንገት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ብዙ ሰው ልብሱ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ነው። በአሲድና በገለልተኛ ነገር ውስጥ ቢጫ ነው፤ ቤዝ ሲነካው ይቀላል። የቀላው ቦታ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግ ቢጫው ይመለሳል።

አሠራሩ ይህን ያህል ነው። ትንሽ እርድ አልኮል ውስጥ በጥብጡ፣ ነጭ ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ ቆርጣችሁ ንከሩበት፣ አውጥታችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። አልኮሉ እሳት አጠገብ አይሁን። ከዚያ የሳሙና ውሃ፣ የጠለለ የአመድ ውሃ፣ የሶዳ ውሃ፣ አቼቶ፣ እርጎ፣ የቧንቧ ውሃ በየተራ ጠብ አድርጉበት። የአመድ ውሃው ደማቅ አድርጎ ያቀላዋል። ሶዳው ፈዘዝ ያለ ለውጥ ነው የሚሰጠው፤ ፒኤቹ 8.3 አካባቢ ነውና። ልጆቹ እዚህ ላይ «ለምን ፈዘዘ?» ብለው ከጠየቁ ስለ ፒኤች መለኪያ ማስረዳት የሚቻልበት ምርጥ ሰዓት እሱ ነው። ቀጥሎ አሥር ጠብታ የአመድ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና እርድ ጨምሩበት። ቢጫው እስኪመለስ ስንት ጠብታ ሎሚ እንደወሰደ ይቁጠሩ። የአመዱን ውሃ በእኩል ውሃ በርዙና ድገሙት፤ የጠብታው ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ቲትሬሽን ይኸው ነው።

እርድ ጉድለት አለበት። አቼቶንና ንጹሕ ውሃን አይለይም፤ ሁለቱም ላይ ቢጫ ነው። ለዚያ ከርከዴ ይሻላል። ደረቁን አበባ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፉት። ሎሚ ሲገባበት ደመቅ ያለ ቀይ ይሆናል፣ ሶዳ ወይም አመድ ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሁለቱን ጎን ለጎን መጠቀም ይቻላል። ለሙከራው የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የባትሪ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳና በረኪና አይምጡ። የኖራ ውሃ ማሳየት ካስፈለገ መምህሩ ራሱ መነጽርና ጓንት አድርጎ ይሥራው፤ ልጆቹ ራቅ ብለው ይመልከቱ።